ከበሩ ውጪ የቆመው እንግዳ

ካርዱ የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፉሚኤ የመቅደሱን ግቢ እየጠረገች ነበርና መጥረጊያውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ከከተማው የጉብኝት ማኅበር የተላከላትን አጭር መልእክት ቆማ አነበበችው። «ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። አንድ ጎብኚ፣ ከናጎያ። ስም፣ ሳዋታሪ ሹንሳኩ። አስጎብኚ ይፈልጋል።»

ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያም ሌላ ነገር የተጻፈበት ይመስል ካርዱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነው። መቀነቷ ውስጥ ከተተችውና መጥረጓን ቀጠለች። ቅድም የጠረገችውን ቦታ ነበር ደግማ የምትጠርገው።

ፉሚኤ የመቅደሱ አለቃ የኩራሺና አንድ ልጅ ናት። አባቷ የተራራውን አምላክ በማገልገል ከዘራቸው አሥራ አራተኛው ናቸው። ሹንሳኩ ደግሞ የሳጥን ሠሪው የሳዋታሪ ልጅ ነው። ሳጥን ሲባል የልብስ ሳጥን አይደለም። በዚያች ኢዋኔ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሰው ሲሞት የሚጠሩት እነሳዋታሪ ነበሩ። አባትየው እንጨቱን ያዘጋጃል፤ እናትየው ኪኩ ሬሳውን ታጥባለች፣ ፀጉሩን ታበጥራለች፣ ታለብሳለች። በሐዘን ቀን ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳቸዋል። በበዓል ቀን ግን አብሯቸው የሚቀመጥ የለም። እነሱም ማንም ሳይከለክላቸው የመቅደሱን የድንጋይ በር አልፈው አያውቁም።

ከስድስት ዓመት በፊት ሹንሳኩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከዚያ በር ውጪ ቆሞ፣ ፉሚኤን ለጋብቻ ጠየቀ። አለቃ ኩራሺና ከበሩ ወዲህ እንደቆሙ መለሱለት።

«ክፉ ሰው አይደለህም። ነገር ግን በሬሳ የዋለ እጅ በአምላካችን ፊት ለጸሎት አያጨበጭብም» አሉት።

ሹንሳኩ እጅ ነስቶ ሄደ። በሳምንቱ ናጎያ ገብቶ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ዘንድ ተቀጠረ። በዓመቱ አባቱ ሲሞት እናቱንም ወደዚያው ወሰዳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤው በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ስለ አከራዩ ኩርፊያ ይጽፋል፣ አዲስ ስለተሰነጠቀ ጥድ ጠረን ይጽፋል፣ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «ጠብቂኝ» ይላል። ከዚያ አንድ ጥር ላይ ደብዳቤው ቀጥ አለ። ፉሚኤ ሦስት ጊዜ ጻፈችለት፤ መልስ የለም። አራተኛውን ጽፋ ቀደደችው። በዚያው ዓመት አስጎብኚ ሆነች፤ ከእንግዳ ጋር ስታወራ ስለራሷ ማሰብ ስለሚቀርላት።

አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሃያ ቀን በኋላ ትዳራለች። ሙሽራው ከተራራው ማዶ ያለው የትልቁ መቅደስ የሂሮሴ ካህን ሁለተኛ ልጅ ነው። የኩራሺናን ስም ወስዶ መቅደሱን ይወርሳል። ሁለት ጊዜ አይታዋለች። ትሑት ነው፤ ጥፍሩንም በደንብ ይቆርጣል። ከዚህ ሌላ ስለሱ የምትለው አልነበራትም።

ያን ቀን ማታ እራት ላይ አባቷ «ምነው ሩዙን አልነካሽውም?» አሏት። «ጠግቤ ነው» አለች። አልጠገበችም። ደስ እንዳይላት ፈርታ ነበር።

*

ሐሙስ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጥዶቹን ነክቷቸዋል። ፉሚኤ ከደረጃው ግርጌ፣ የሩዝ ጣፋጭ የምትሸጠው የኦቶሜ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ አውቶቡሱን ትጠብቃለች። ኦቶሜ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ግን ምንም አይስተውም።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ከንፈርሽን ቀብተሽዋል ልበል?»

«ብርዱ አድርቆት ነው እትዬ ኦቶሜ። ቅባት ነው።»

«ቀይ ቅባት?»

«ቀይ ቅባት።»

«እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ብርድ ይይዘኝ ነበር» አለች ኦቶሜ፣ ምድጃዋን እያራገበች።

አውቶቡሱ ቆመ። የወረደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በሐምራዊ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር በሁለት እጁ ይዟል። ከስቷል። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። ፉሚኤ የድንጋጤውን ምክንያት አላወቀችም፤ የራሷን ድንጋጤ መደበቅ ላይ ነበረች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ሳዋታሪ» አለች፣ ለማንም እንግዳ እንደምታደርገው ጎንበስ ብላ። «የዛሬዋ አስጎብኚዎ እኔ ነኝ።»

«አመሰግናለሁ» አለ። «አስቸገርኩዎ።»

እርስዎ! በዚያች ቃል ላይ ሁለቱም አንድ ጊዜ ተሰናከሉና ከዚያ ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ደረጃው መቶ አሥራ ሁለት ነው። የመንገዱ መሃል የአምላኩ ስለሆነ ሰው ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው፤ እሷ በግራ፣ እሱ በቀኝ። ድንጋዩን ማን እንደጠረበው፣ ጥዶቹ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ትነግረዋለች። እሱ አዎን፣ አዎን ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብላ ሰረቅ አድርጋ አየችው። ጣቶቹን አየች፤ የአናጢ ጣት ሆነዋል፣ ሙጫ ጥፍሩ ሥር ገብቷል። ጥቅልሉን ወፍ እንደያዘ ሰው ነው የያዘው።

የድንጋዩ በር ጋ ደረሱ። ፉሚኤ እጅ ነስታ ገባች። አራት እርምጃ ሄዳ ኮቴ ስታጣ ዞረች። ሹንሳኩ ከበሩ ውጪ ቆሟል።

«ይግቡ እንጂ።»

«እዚህ ይበቃኛል።»

«መቅደሱ ከላይ ነው። ከዚህ አይታይም።»

«አውቃለሁ። እዚሁ ልቁም።»

ያኔ ስድስት ዓመት ያፈነችው ቁጣ ገነፈለ።

«ከናጎያ ድረስ የመጣኸው በሩ ላይ ለመቆም ነው?» አለችው፤ እርስዎው ሳታውቀው ጠፋ። «አባቴ እዚህ ቦታ ላይ የተናገሩህን ልታስታውሰኝ? ቂምህን ይዘህ አውቶቡስ ተሳፈርክ?»

«ቂም አይደለም። ፉሚኤ፣ እኔ...»

«ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩልህ! አንዱን እንኳ አልመለስክም። አልወድሽም ብትል ምን ነበረበት? ይሄን ማለት ያቅታል?»

ሹንሳኩ ዓይኑን ሰበረ። «ላገባች ሴት እንዴት ልጻፍ?»

«ማን ነው ያገባው?»

«ናጎያ ውስጥ የኢዋኔ ሰው ፀጉር ቤት አለው። የመቅደሱ የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የሙሽራ ነጭ ለብሰሽ፣ ከዋናው አዳራሽ ፊት ቆመሽ አየሁሽ። ፀጉሬን ግማሽ አስቆርጬ ወጣሁ። ደብዳቤዎችሽን... አልከፈትኳቸውም። የስንብት ነው የሚሆነው ብዬ ፈራሁ።»

ፉሚኤ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተመለሰች።

«ለቀን መቁጠሪያው ፎቶ ልትነሳ የነበረችው ሙሽራ ጥርሷን አሟት ጉንጯ አብጦ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ፎቶ አንሺው ደግሞ ከሩቅ ነው የመጣው። አባቴ ለአንድ ሰዓት ልብሷን ልበሺ አሉኝ። ለበስኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ነፋስ ጥዶቹን አልፎ ሄደ። ሁለቱም አራት ዓመታቸውን ሲያስቡ ቆሙ፤ ባበጠ ጉንጭ ምክንያት የጠፋ አራት ዓመት።

«ታዲያ አላገባሽም» አለ ሹንሳኩ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«በሃያ ቀን ውስጥ አገባለሁ።»

ሹንሳኩ ዓይኑን ከእሷ አነሳ። ከዚያ ጥቅልሉን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«ይህን ወደ ውስጥ አስገቢልኝ። አሮጌ ክታብ ነው። እንደ ልማዱ ከሌሎቹ አሮጌ ክታቦች ጋር ይቃጠል።»

ሲለያዩ የሰጠችው ክታብ ትዝ አላት፤ ሰማያዊ ነበር፣ በእጇ የሰፋችው። ሊመልስላት ነው የመጣው ማለት ነው። ጥቅልሉን ቀማችው ማለት ይቻላል። ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች። እንባዋን እንዳያይባት ብቻ ነበር የምትጸልየው።

*

ከላይ፣ እጅ መታጠቢያው ገንዳ አጠገብ ሐምራዊውን ጨርቅ ፈታችው። ሰማያዊ ክታብ አልነበረም። ነጭ የነበረ፣ ዘመን ቢጫ አድርጎ ያሳሳው፣ እርጉዝ ሴት የምትይዘው ዓይነት ክታብ ነው። ከሥሩ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አለ። ጽሕፈቱ ይንቀጠቀጣል።

«ለመቅደሱ አስጎብኚ። ስምዎን ስለማላውቅ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የሳጥን ሠሪው የሳዋታሪ ሚስት ኪኩ ነኝ። ልጄን እርጉዝ ሳለሁ የአለቃ ኩራሺና ባለቤት ይህን ክታብ ከበሩ ውጪ ድረስ ይዘውልኝ መጥተው በእጃቸው ሰጡኝ። ልጄም በሰላም ተወለደ። ክታብ ከተገለገሉበት በኋላ ወደ መጣበት መመለስ እንዳለበት አውቃለሁ፤ መለየት አቅቶኝ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አቆየሁት። ኢዋኔ ሳለሁ በየአዲስ ዓመቱ ከበሩ ውጪ ቆሜ እጅ ነስቻለሁ። ውስጡን ግን አላየሁትም። ልጄ ይህን ሲያመጣልዎ ሐዘን ላይ ስለሚሆን መግባት አይችልም። ካላስቸገርኩዎ፣ እርስዎ ሲያስገቡልኝ፣ ለጎብኚ እንደሚያደርጉት ቀስ እያሉ እያሳዩ ይውሰዱልኝ።»

ፉሚኤ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተደገፈች። ወላጁ የሞተበት ሰው ሃምሳ ቀን እስኪሞላ ድረስ የድንጋዩን በር አያልፍም። ይህን በየቀኑ ለእንግዳ የምትናገር እሷ ነች። ጥቁሩን ልብስ አይታው ነበር። የከሳውን ፊት አይታው ነበር። እሷ ግን ቂም አለችው።

ወደታች ልትሮጥ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቆመች። በእጇ ላይ እንግዳ አለች፤ እንግዳዋ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃለች።

ተመልሳ በጭልፋው ውኃ ቀዳች። ግራ እጇን ታጠበች፣ ቀኝ እጇን ታጠበች፣ አፏን ተጉመጠመጠች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ ኪኩ» አለች። «ይህ መታጠቢያው ነው። ውኃው የሚወርድበት የነሐስ ዘንዶ አንድ ጆሮ የለውም፤ በረዶ ነው የሰበረው። ክረምትም በጋም ውኃው ያው ነው፣ ቀዝቃዛ።»

ክታቡን በሁለት መዳፏ ይዛ ቀጠለች። «እዚህ ደረጃው ያንሸራትታል፣ ወደ ግራ ጠጋ ይበሉ። ይህ የገለባ ገመድ የታሰረበት ትልቁ ጥድ ነው። አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚያቅፈው። ያ ደግሞ የጭፈራው መድረክ። ሰባት ዓመቴ ላይ እዚያ ስጨፍር ማራገቢያዬ ከእጄ አምልጦ አንድ ሽማግሌ ራስ ላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።»

እናቴ ስትል ድምጿ ተቆረጠ። እንደምንም ከዋናው አዳራሽ ፊት ደረሰች። ወፍራሙን ገመድ ይዛ ደወሉን ደወለች። ሁለት ጊዜ ጎንበስ አለች። ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ጎንበስ ብላ ቀና ማለት አቃታት፤ ያልተነገራት ሞት፣ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ያኔ ገና ደረሳት።

*

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

አለቃ ኩራሺና ከጽሕፈት ቤቱ ወጥተው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል። የመከሩ በዓል እሑድ ነውና ከሳምንት በፊት ጀምረው ራሳቸውን ከሞት ርኩሰት ሁሉ ጠብቀው ነበር።

«ከእንግዳዬ ጋር።» ክታቡንና ደብዳቤውን በረንዳው ላይ፣ እግራቸው አጠገብ አስቀመጠች። «እማማ ኪኩ ሞታለች አባባ። ልጇ ከበሩ ውጪ ቆሟል።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን አላነሱትም። እንደቆሙ አጎንብሰው አነበቡት። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም።

«በሃያ ቀን ሙሽራ የምትሆኚ ልጅ የሞተ ሰው ዕቃ ይዘሽ...»

«አልሆንም።»

«ምን አልሽ?»

«ሙሽራ አልሆንም። ለሂሮሴዎች እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«መቅደሱስ? አሥራ አራት ትውልድ...»

«መቅደሱ ወራሽ አላጣም። አራት ዓመት እያንዳንዱን ድንጋይ ለሰው የማሳየው እኔ ነኝ። ከጦርነቱ ወዲህ ሴትም ካህን ትሆናለች፤ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። እማራለሁ። የሳጥን ሠሪ ልጅ የምትወድ ካህን አትሆንም ካሉኝ ግን ያኔ ሁለታችንም ከበሩ ውጪ እንቆማለን።»

እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። ቁጣቸውን ጠበቀች። አለቃው ግን ቀስ ብለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰሉ።

«እናትሽ የሞተች ቀን» አሉ፣ «ለበዓሉ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ብነካት በዓሉን መምራት አልችልም። ስለዚህ ሌላ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ኪኩ መጣች። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉን እሰማ ነበር። ውኃውን ስትቀዳ እሰማለሁ። ‹ሞቅ ያለ ነው እመቤቴ፣ አይበርድዎትም› ስትላት እሰማለሁ። ፀጉሯን እያበጠረች ታጫውታት ነበር። አንቺ አሁን ስታወሪ የሰማሁሽ ጊዜ...»

ፉሚኤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የምታስታውሰው የተዘጋውን በር ብቻ ነው።

«እኔ ማድረግ የነበረብኝን ነው ያደረገችልኝ። ስትወጣ አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ባየኋት ቁጥር ፊቴን አዞርኩ። ልጇ የመጣ ቀን ስለ እጁ የተናገርኩት... ስለ እጁ አልነበረም፣ ፉሚኤ።»

አባቷን ስትፈራቸው ኖራለች። ስታዝንላቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

*

ሹንሳኩ ከበሩ ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ነጭ ልብስ ሲያይ ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አልገባሁም» አለ ቶሎ ብሎ። «በሩን አላለፍኩም፣ አለቃ።»

«አውቃለሁ» አሉ አለቃ ኩራሺና። «እኔ ነኝ የማልፈው።»

አለፉ። ፉሚኤ ከኋላቸው ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የኢዋኔ መቅደስ አለቃ በበዓል ሰሞን ወደ ሐዘንተኛ ሲወጡ ያየ ሰው የለም። ሽማግሌው ከሹንሳኩ ፊት ደርሰው ወገባቸው እስኪታጠፍ አጎነበሱ፤ ብዙ ጊዜም ቀና አላሉም።

«ስንተኛ ቀንህ ነው?»

«አርባ አንደኛ።»

«ብቻዋን ነበረች?»

«እኔ ነበርኩ። ያጠብኳትም እኔ ነኝ።» ሹንሳኩ እጆቹን ተመለከተና ወደ ጀርባው ሊሸሽጋቸው ሞከረ።

አለቃው ቀደሙት። ሁለቱንም እጆች ያዙ።

«አለቃ! እሑድ በዓል ነው።»

«የዘንድሮውን የሂሮሴው ካህን ይምራው። ለነገሩ እነሱ ቤት ሌላም የምነግራቸው ጣጣ አለብኝ» አሉና ልጃቸውን በዓይናቸው ጠቀሷት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እናትህ ለሚስቴ ያደረገችውን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳላመሰግናት ሞተች። ለእሷ የማይደርስ ምስጋና ነው፣ አንተ ተቀበለኝ። ሃምሳው ቀን ሲሞላ ደግሞ ና። ያኔ የምትጠይቀኝ ነገር ካለ፣ በሩን አልፈህ ገብተህ ጠይቀኝ።»

መልስ ሳይጠብቁ ደረጃውን ወረዱ። ሐዘንተኛ ከነኩ ወዲህ ወደ ላይ መመለስ አይችሉም ነበር፤ ከታች ኦቶሜ «ኧረ አለቃ! ምን እግር ጣለዎ!» ስትል ተሰማ።

ሹንሳኩና ፉሚኤ ብቻቸውን ቀሩ። ስለ ጋብቻ አላወሩም፤ ስለ ጠፋው አራት ዓመትም አላወሩም።

«ሞትን ይዤ መጣሁብሽ ማለት አፈርኩ» አለ።

«ይቅር በለኝ።»

«አስገባሽልኝ?»

«አስገባኋት።» ፉሚኤ ከበሩ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። «ውኃውን አሳየኋት፣ ጥዱን አሳየኋት። ደወሉንም አብረን ደወልን። አላስቸኮልኳትም፣ ሹንሳኩ። ቀስ ብለን ነው የሄድነው።»

አርባ አንድ ቀን ሳጥን ሲሠራ፣ ሲቀብር፣ ሰው ሲቀበል፣ ሲያመሰግን የሰነበተው ሰው ያኔ ፊቱን ሳይሸፍን፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ፉሚኤ የሚያጽናና ቃል ፈለገች። ለስንቱ እንግዳ ስንት ነገር ስትናገር የኖረች አስጎብኚ አንድም አጣች። ግንባሯን ክንዱ ላይ አሳረፈችና አብራው አለቀሰች፤ ከዚህ ሐዘን ውጪ ሆና ከመሳቅ፣ በውስጡ ከእሱ ጋር መሆን እንደሚሻላት ልቧ ያለ ጥርጥር እያወቀ።